ከምናሌ የተቀዳ ቃልና ከጨርቅ የተገኘ ቃል

በዲጂታል የልብስ ሥዕል ትምህርት ስለሚሠራባቸው ሙያዊ ቃላት የቀረበ ሂስ

፩. መነሻ

በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አካባቢ ወደ መሐል የሚዘልቀው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ አማርኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው የተሽከርካሪ ብዛትን ነው። መንገዱ ግን ጠባብ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። «መኪና» ከጣልያንኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን በምንጩ ማንኛውንም የሥራ መሣሪያ ያመለክታል። በዛሬው አማርኛ ብቻውን ሲነገር ተሽከርካሪ ማለት ሆኗል፤ ሰፊው ፍች የቀረው «የስፌት መኪና» በመሳሰሉ ጥምር ቃላትና በዚህ የጀጎል መንገድ ስም ነው። ስሙ ለቃላት አጥኚ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የውሰት ቃል በሕዝብ አፍ ሲኖር የራሱን ታሪክ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሚጸና ስያሜ ሥራው ከሚታይበትና ከሚሰማበት ቦታ የሚወጣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዲጂታል የልብስ ሥዕል ትምህርት ውስጥ የሚሠራባቸውን ወይም እንዲሠራባቸው የሚታሰቡትን የአማርኛ ቃላት ነው። ዲጂታል የልብስ ሥዕል ማለት የልብስ ዲዛይን ተማሪ አንድን ልብስ በኮምፒዩተር ወይም በታብሌት ላይ፣ በኤሌክትሮኒክ ብዕር የሚሥልበት ሙያ ነው። ጉዳዩ ለሠዓልያን ብቻ የሚተው አይደለም። የልብስ ሥዕል ከነዳፊው ወደ ሰፊው የሚላክ መልእክት ነው፤ መልእክቱ በስሕተት ከተነበበ የሚጠፋው ጨርቅና የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የሚጻፈውና በትምህርቱ ጊዜ የሚነገረው ቃል ትክክለኛነት በመቀስ የሚፈተን ነው።

፪. ተማሪው የቆመበት ቦታ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደሆነ ይታወቃል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ ሙያውን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶሾፕ፣ ኢለስትሬተርና ፕሮክሬት የተባሉት በሰፊው የሚሠራባቸው የሥዕል ፕሮግራሞችም የአማርኛ ገጽ የላቸውም። በሌላ በኩል ልብሱን የሚቀደውና የሚሰፋው ባለሙያ የሚናገረው የአገሩን ቋንቋ ነው። በጀጎል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደራረባል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ሲሆኑ አማርኛ በገበያው በሰፊው ይነገራል። እንግዲህ የጀጎልን አልባሳት ለመሣል የሚነሣ ተማሪ በአንድ ሥዕል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቋንቋዎችን ማስታረቅ ይጠበቅበታል።

ለዚህ ችግር ሁለት የመፍትሔ አሳቦች ይሰነዘራሉ። አንደኛው «ፕሮግራሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉም እንግሊዝኛ ይሁን» የሚል ነው። ውጤቱ በተማሪዎች አንደበት ይሰማል፤ «ሌየሩን ሎክ አድርገው»፣ «ኦፓሲቲውን ቀንሰው» የሚል ንግግር በአማርኛ ግሥ የታሰረ የእንግሊዝኛ ዝርዝር ነው። በክፍል ውስጥ ያግባባል፤ ከክፍሉ ደጃፍ አልፎ ወደ ልብስ ሰፊው ግን አይደርስም። ሁለተኛው አሳብ በፕሮግራሙ ምናሌ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ አቻ መተካት ነው። ይህ አገር ወዳድ መስሎ ቢታይም የባሰ ጉዳት ያመጣል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም የሚተረጉመው ምናሌውን ነው፤ ምናሌው የሚያመለክተውን ሥራ ግን አይመረምርም። በቃል ፈጠራ ላይ ተቃውሞ የለንም። «ምናሌ» የሚለው ራሱ «ምን አለ?» ከሚል የዕለት ጥያቄ የተገኘ፣ አጭርና የሚያዝ ስያሜ ነው። የምንተቸው የመዝገብ አቻ ፍለጋን ነው።

፫. ከምናሌ የተቀዱ ቃላት ጉድለት

ጉድለቱን በሦስት ምሳሌዎች እናሳያለን።

ሀ) ገልብጥ። በሥዕል ፕሮግራሞች አንድን ምስል በመስተዋት እንደሚታይ ግራውን ወደ ቀኝ የሚያዞር ትእዛዝ አለ፤ ላዩን ወደ ታች የሚያዞርም አለ። ለሁለቱም «ገልብጥ» የሚል ትርጉም ሲሰጥ ይታያል። ይሁንና አማርኛ በ«ገለበጠ» ጽሑፍን መቅዳትንም ይገልጻል፤ የልብስን ውስጥ ወደ ውጭ ማድረግንም ይገልጻል። አሁን ተማሪው የሚሥለው ሐረሪዎች «ጤይ ኢራዝ» የሚሉትን የሴቶች ቀሚስ ነው እንበል። ይህ ቀሚስ አንዱ ገጹ ጥቁር ሌላው ቀይ ሆኖ በሁለቱም በኩል ሊለበስ የሚችል ነው። «ቀሚሱን ገልብጠው» የተባለ ተማሪ ምን ያደርጋል? ምስሉን በመስተዋት ያዞራል? ሁለተኛ ቅጂ ያወጣል? ወይስ ቀዩን ገጽ ይሥላል? በእኛ አስተያየት «ገልብጥ» ለባለቤቱ፣ ማለትም ለጨርቁ ይተው፤ የመስተዋቱ ትእዛዝ «ግራ ቀኝ አዙር»፣ የቅጂው ደግሞ «ቅዳ» ይባል።

ለ) ጥራት። አንድ ሥዕል በስንት ነጥቦች እንደተሠራ የሚገልጸው መለኪያ በብዙ ቦታ «ጥራት» ተብሎ ይተረጎማል። ለኅትመት የሚዘጋጅ ሥዕል በአንድ ኢንች ርዝመት 300 ነጥብ እንዲኖረው ማድረግ የተለመደ ነው። ተማሪው «ጥራቱን 300 አድርገው» ሲባል ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ሥዕሉ ግን መጥፎ ከነበረ 300 ነጥብ ያለው መጥፎ ሥዕል ይሆናል። ጥራት የዋጋ ፍርድ ነው፤ የነጥቦች መቀራረብ ግን የቁጥር ነገር ነው። ሸማኔ ስለ ጨርቅ ሲናገር ድሩ የተጠጋጋ ወይም የሳሳ መሆኑን ከሥራው ማማርና አለማማር ለይቶ ያያል። ስለዚህ «የነጥብ ጥግግት» ቢባል ሁለቱ ጉዳዮች ይለያሉ።

ሐ) ጥላ። የአንድ ልብስ ጠቅላላ የውጭ ቅርጽ «ሲልዌት» ይባላል፤ አንዳንዶች «ጥላ» ወይም «ጥላ ምስል» ብለው ይተረጉሙታል። ቃሉ በምንጩ ጥላ ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1759 የፈረንሳይ ገንዘብ ሚኒስትር ከነበረው ከኤትየን ደ ሲልዌት ስም የተወሰደ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ጥላን እንዲፈልግ የሚያስገድደው ነገር የለም። በሥዕል ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ጥላ አለ፤ በሽንሽን ሥር፣ በእጅጌና በደረት መካከል የሚያርፈው ጨለማ ጥላ ነው። አንድ ቃል ለሁለቱ ሲሰጥ ተማሪው ልብሱን ከቅርጹ መጀመር ሲገባው ከብርሃኑ ይጀምራል። አማርኛ ስለ ሰው አቋምና ቅርጽ የሚናገርበት «ቁመና» የሚል ቃል አለው፤ «የልብሱ ቁመና» ማለት ለሰፊውም ለሠዓሊውም ግልጽ ነው።

፬. በጨርቁ ውስጥ ያለው ሀብት

ከምናሌው ፊታችንን መልሰን ወደ ጨርቁ ስንመለከት አማርኛ ለዚህ ሙያ ድኻ አለመሆኑን እንረዳለን። ከሁሉ በፊት «ንድፍ» የሚለውን እንውሰድ። «ነደፈ» ጥጥን በደጋን አፍታታ፣ ለመፈተል አዘጋጀ ማለት ነው፤ ከዚህም ጋር አንድን ሥራ በአሳብ ቀርጾ በመስመር ማስቀመጥን ያመለክታል። ልብስ ነዳፊን ከጥጥ ነዳፊ ጋር በአንድ ግሥ የሚጠራ ቋንቋ የልብስ ዲዛይንን ስም ከውጭ መለመን አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የአለባበስ ግሦችን እንመልከት። እንግሊዝኛ ጨርቅ በገላ ላይ የሚያርፍበትን ሁኔታ በአንድ ቃል፣ «ድሬፕ» በሚለው፣ ጠቅልሎ ይናገራል። አማርኛ ግን ነጠላ ያጣፋል፣ ኩታ ይደርባል፣ ጋቢ ይከናነባል፤ ሽርጥ ያገለድማል፤ በታላቅ ሰው ፊት ያደገድጋል። እነዚህ ግሦች እያንዳንዳቸው ጨርቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ትከሻ እንደሚሸፈን፣ ጫፉ እንደሚለቀቅ ወይም እንደሚታሰር ይናገራሉ። አንድ ተማሪ «ድሬፕ ሣል» ቢባል የተለመደውን የጨርቅ እጥፋት ይደግማል፤ «የተጣፋ ነጠላ ሣል» ቢባል ግን መስመሩ የሚጀምርበትንና የሚጨርስበትን ትከሻ ያውቃል። በዚህ ረገድ አንዱን የውጭ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል መተካት ቋንቋውን ማደኽየት ነው፤ ተርጓሚው እንደየአገባቡ ከግሦቹ መምረጥ ይኖርበታል።

የዲጂታል ሥዕል ዋነኛ ጽንሰ አሳብ የሆነውን «ሌየር» ደግሞ እንመርምር። በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ እንደሚሣል አይደለም፤ እንደ መስተዋት የሚያሳዩ ብዙ ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ይነጠፋሉ። ተማሪው በታችኛው የሰውነቱን ቅርጽ፣ ከዚያ በላይ የልብሱን መስመር፣ ከዚያ ቀለሙን፣ ከዚያ ጥልፉን፣ በመጨረሻ ጥላውን ያኖራል፤ አንዱን ሲያርም ሌላው አይነካም። ለዚህ «ንብርብር» እና «ንጣፍ» የሚሉ ቃላት ይቀርባሉ። «ንብርብር» የብዙ ነገሮችን ክምችት እንጂ አንዱን ገጽ ለይቶ አይጠራም፤ «ሁለተኛው ንብርብር» ለማለት አይመችም። «ንጣፍ» ከሥር የሚሆነውን ብቻ ያስታውሳል። እኛ የምንመርጠው «ደርብ» የሚለውን ነው። ከ«ደረበ» የወጣ ስለሆነ በልብስ ላይ ልብስ መልበስን ይናገራል፤ በቤት አሠራርም አንዱ በሌላው ላይ የሚቆመውን ክፍል ይጠራል። ለቁጥርና ለርባታ ይመቻል፤ «ሦስተኛው ደርብ»፣ «ደርቡን ቆልፍ»፣ «ደርቡን ሰውር»፣ «ደርቦቹን አዋሕድ» ማለት ይቻላል። ሕንፃን ያስታውሳል የሚል ነቀፌታ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ስለ ፎቅ የሚያስብ አይኖርም።

ከደርብ ጋር የሚሄደው «ኦፓሲቲ» ነው። በፕሮግራሞቹ ከ0 እስከ 100 በመቶ ይለካል፤ 0 ሲሆን ቀለሙ ፈጽሞ አይታይም፣ 100 ሲሆን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በሳይንስ ጽሑፎች «ብርሃን አስተላላፊነት» የመሳሰሉ ረጃጅም አገላለጾች አሉ፤ ለፊዚክስ ይጠቅማሉ። የጨርቅ ነጋዴ ግን ገላ የሚያሳየውን «ስስ»፣ የማያሳየውን «ድፍን» ይላል። «ድፍንነቱን 40 አድርገው» ቢባል ቃሉ አጭር ነው፤ ተማሪውም የሚያየው ነገር በእጁ የዳሰሰው ጨርቅ ነው።

በመጨረሻም እንግሊዝኛ ግራ ሲያጋባ አማርኛ የሚያቀናበት ቦታ እንዳለ እናስታውስ። «ከት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድን ምስል ከቦታው አንሥቶ ማውጣትም ነው፤ የልብስ አሠራርም ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው «ቁረጥ»፣ ሁለተኛው «ቅድ» ነው፤ ልብስ ሰፊ «ቅዱ ያምራል» ሲል ማንም አይሳሳትም።

፭. ሦስቱ ሥዕሎች

በልብስ ሥዕል ትምህርት ሦስት ዓይነት ሥራዎች አሉ፤ በአማርኛ ግን ሦስቱም «ንድፍ» ወይም «ሥዕል» ስለሚባሉ ተማሪው የትኛውን እንደተጠየቀ ይጠፋዋል። የመጀመሪያው አሳብ ሳይጠፋ በፍጥነት የሚጫረው ነው። ይህን «ውጥን» ብንለው መልካም ነው፤ ስፌት የምትሰፋ ሴት የጀመረችው ሥራም ውጥን ይባላልና። ሁለተኛው ልብሱን ከሰው ገላ ጋር፣ ከነቀለሙና ከነሁኔታው የሚያሳየው ነው፤ ለዚህ «የልብስ ሥዕል» በቂ ነው። ሦስተኛው ልብሱን ያለ ሰው፣ በጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ አድርጎ፣ ስፌቱን፣ ቁልፉን፣ ሽንሽኑንና ልኩን የሚያሳየው ነው። ለዚህ «ዝርግ» የሚለውን እናቀርባለን። ዝርግ ሳሕን የሚል ቤት ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ የተዘረጋ ጨርቅም ያው ነው።

ልዩነቱ ከስም ያለፈ ነገር አለው። በፋሽን ሥዕል ልማድ የሰው ቁመት በራሱ ርዝመት ሲለካ 9 ያህል ይደረጋል፤ የተፈጥሮ ሰው ቁመት ግን ከ7 እስከ 8 ነው። ትርፉ በአብዛኛው የሚጨመረው በእግር ላይ ነው። ይህ ልማድ ለረጅም ቀሚስ ውበት ይሰጥ ይሆናል፤ ለጀጎል አለባበስ ግን አደጋ አለው። የሐረሪ ሴት ከኢራዙ ሥር የምትለብሰው «ጌይ ገናፊ» ወደ ታች እየጠበበ የሚወርድ፣ ግርጌው በጥልፍ የሚያጌጥ ነው፤ ከቀሚሱ ጫፍ በታች የሚታየውም ይኸው ክፍል ነው። ተማሪው በተለመደው የረዘመ እግር ላይ ቀሚሱን ከጉልበት ጥቂት ዝቅ አድርጎ ሲያሳርፍ የሚታየው የገናፊ ክፍል ከእውነቱ እጅግ ይረዝማል። ሰፊው ይህን የልብስ ሥዕል እንደ ዝርግ ከቆጠረው ጥልፉን ያስረዝማል፤ ቀሚሱንም ያሳጥራል፤ የለባሿ ወግና ልክ ይፋለሳል። እንግዲህ «ሥዕል» እና «ዝርግ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተለያይተው ቢሠራባቸው ኖሮ ሰፊው ልኩን ከየትኛው እንደሚወስድ ያውቅ ነበር። ኢራዙና ገናፊው በአንድ ደርብ ላይ መሣል እንደሌለባቸውም ከዚሁ ይከተላል፤ የቀሚሱን ቁመት ለማስተካከል የገናፊውን ጥልፍ መፋቅ አይገባምና።

፮. የማይተረጎሙ ስሞች

ከላይ የጠቀስናቸው የሐረሪ ስሞች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። «ገናፊ»ን «ሱሪ»፣ «ጉፍታ»ን «ሻሽ»፣ «ኢራዝ»ን «ቀሚስ» እያሉ ማለፍ ለአማርኛ አንባቢ የቀለለ ይመስላል። ለሠዓሊ ግን ስሕተት ነው። ሱሪ የተባለ ሱሪን ይሥላል፤ ሻሽ የተባለ በግንባር ላይ የታሰረ ጨርቅ ይሥላል። ጉፍታ ግን ያገባች ሴት ጸጉሯን ከሁለት ከፍላ ከጆሮዎቿ ኋላ ጠቅልላ የምትሸፍንበት ስስ መረብ ነው። የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ ስስነት አለው፤ ጸጉሩ በአንድ ደርብ፣ መረቡ ድፍንነቱ በተቀነሰ ሌላ ደርብ ካልተሣለ በወረቀት ላይ ጉፍታ አይሆንም። ስሙ ተተርጉሞ ሲጠፋ የአሣሣሉም ሥርዓት አብሮ ይጠፋል።

አማርኛና ሐረሪ የሴም ቋንቋ ዘመዳሞች እንደመሆናቸው ስሞቹ ለጆሯችን ሩቅ አይደሉም። «ኢራዝ» የግእዙን «ዓራዝ» ያስታውሰናል፤ እርሱም ልብስ ማለት ነው። «ጌይ» ከተማ፣ ማለትም ሐረር ራሷ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን»፣ ቤታቸውን «ጌይ ጋር» ይሉታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው የሐረሪ ሥርወ ቃላት መዝገብም ለተርጓሚዎች ትልቅ ዕርዳታ ነው። ስለሆነም እነዚህ ስሞች በራሳቸው መልክ ወደ አማርኛ መዝገበ ቃላት መግባት ይገባቸዋል እንላለን።

በዚህ ላይ የራሳችንን የመዝገብ ልማድ መተቸት አለብን። ለአልባሳት የምንሰጠው ፍች ብዙ ጊዜ «የልብስ ዓይነት» በሚል ይጀምርና በዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለው ፍች ቃሉን ለሚያውቅ አያስፈልግም፤ ለማያውቅ አይጠቅምም። የልብስ ፍች ከምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያርፍ፣ ቅዱን፣ ጥልፉ የት እንደሚውል፣ ማን መቼ እንደሚለብሰው መናገር አለበት። በአጠገቡም ዝርግ ቢታተም አንድ ገጽ የሚፈጅ ገለጻን ይተካል። ቃልና የልብስ ሥዕል በአንድ ጥራዝ መቅረባቸው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ የሐረርን አለባበስ የሚያሳይ ሥዕልና የሐረሪ ቃላት ዝርዝር አብሮ አውጥቷል። እንግዳ በዐሥር ቀን ያሰበውን ባለቤቶቹ ማሰብ አያቅታቸውም።

፯. በውሰት ቢቀሩ የሚሻሉ

ሁሉም ቃል ከጨርቅ ይገኛል አንልም። «ፒክስል»፣ «ቬክተር»፣ «ታብሌት»፣ «ብሩሽ»፣ «ፋይል» በውሰት ቢኖሩ የሚሻል ይመስለናል፤ የሚያመለክቱት ነገር ከነስሙ የመጣ ነውና። ለአስተማሪ የሚያስፈልገው አቻ ቃል ሳይሆን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ድሩን በክር እየቆጠረ ነው፤ ጥለቱ ሲቀርቡት የክሮች ድርድር ነው። በፒክስል የተሠራ ምስልም እንዲሁ በነጥብ የተቆጠረ ስለሆነ ሲያጎሉት ነጥቦቹ ይገለጣሉ። ቬክተር ግን ልብስ ሰፊ ከትከሻ እስከ ብብት ነጥብ አኑሮ በኖራ የሚያሰምረውን መስመር ይመስላል፤ ነጥቦቹ ከታወቁ ልኩ ለሕፃንም ለአዋቂም ቢቀየር መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ጥልፍና ቀለም ለፒክስል፣ ዝርግ ለቬክተር ይስማማል የሚለው የሙያ ደንብ በዚህ ምሳሌ ለተማሪው ይገባዋል።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበው በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ንድፍ» ለዲዛይን ጠቅላላ አሳብ፤ «ውጥን»፣ «የልብስ ሥዕል»ና «ዝርግ» ለሦስቱ ሥራዎች፤ «ደርብ» ለሌየር፤ «ድፍንነት» ለኦፓሲቲ፤ «ቁመና» ለሲልዌት፤ «የነጥብ ጥግግት» ለነጥቦች መቀራረብ፤ «ግራ ቀኝ አዙር» ለመስተዋቱ ትእዛዝ እንዲሠራባቸው እናሳስባለን። የአለባበስ ግሦች በአንድ ቃል አይተኩ፤ የሐረሪ አልባሳት ስሞችም አይተርጎሙ።

እነዚህን ቃላት የሚያጸድቃቸው የጽሕፈት ጠረጴዛ ብቻ እንዳይሆን እንመክራለን። አንድ ተማሪ በአማርኛ ቃላት የተጻፈበትን ዝርግ ይዞ ወደ መኪና ግርግር ይሂድ፤ ኮምፒዩተሩን አይቶ ለማያውቅ ልብስ ሰፊም ያቅርብ። ሰፊው አንብቦ ልኩን ከወሰደና መቀሱን ካነሣ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው። ቆም ብሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ጥያቄው ተመዝግቦ ወደ ቃላት አጥኚው ይመለስ፤ ሰፊው በምትኩ የሚናገረው ቃልም አብሮ ይጻፍ። የሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ከዚያ መጀመር አለበት።